ፍሎረንስ ከልጆችና ከአያት ጋር፦ በአውቶቡስ ውጡ፣ በእግር ውረዱ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ፍራንክፈርት የምትኖር እህታችን በኦክቶበር የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ልጆቿ ትምህርት ቤት ሲዘጉ፣ እህቷን ለመጠየቅ ወደ ፍሎረንስ ትመጣለች። የ8 ዓመት ወንድ ልጅና የ4 ዓመት ሴት ልጅ አሏት። የ67 ዓመት እናቷም አብረዋት ናቸው። እንዲህ ትላለች፦ «ባለፈው ስንመጣ ሙዚየም ሙዚየም ስንል ልጆቹ አለቀሱብን። ዘንድሮ ቢያንስ አንድ ቀን ኮረብታው ላይ መዋል እንፈልጋለን። መኪና የለንም። የት እንሂድ? ትንሿ ትችለዋለች ወይ? እናቴ መራመድ ይወዳሉ፣ ግን ቁልቁለት ላይ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።»

እህቴ፣ መልሱን መጀመሪያ ልንገርሽና ምክንያቱን ቀስ እያልኩ ላስረዳሽ። በ7 ቁጥር አውቶቡስ ኮረብታው ላይ ወዳለችው ወደ ፊኤዞሌ ከተማ ውጡ። ከዚያ በሞንቴ ቼቼሪ ጫካ በኩል አቋርጣችሁ ሴቲኛኖ ወደምትባለው ሰፈር በእግር ውረዱ። ከሴቲኛኖ በ10 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ከተማ ተመለሱ። እናትሽ ቁልቁለቱን አይወርዱም። እሳቸው በአውቶቡስ ዞረው ሴቲኛኖ ላይ ይጠብቋችኋል። ቀኑ ደግሞ ማክሰኞ ይሁን። ለምን ማክሰኞ እንዳልኩ በኋላ ታዪዋለሽ።

እኔ እዚህ ቶስካና ውስጥ ሰዎችን በእግር እየመራሁ ኮረብታና ጫካ የማሳይ ባለሙያ ነኝ። ቤተሰብ ይዤ ስወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከሁሉ በላይ የተማርኩት ግን ከራሴ ልጅ ነው። 5 ዓመት ሲሞላት ከከተማው ጠርዝ ተነስተን በእግር ወደ ፊኤዞሌ ወጣን። ዳገቱ አስፋልት ነው፣ ግራና ቀኙ ግንብ ነው። ሳን ዶሜኒኮ የምትባለው ሰፈር ስንደርስ መንገድ ላይ ቁጭ አለች። አልነሳም አለች። ፊኤዞሌ በትከሻዬ ላይ ሆና ደረሰች፣ ያን ዕለት ጫካውን ሳናየው ተመለስን። የልጁ ጉልበት ያለቀው ምንም በማይታይበት መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዳገቱን ለአውቶቡስ እተዋለሁ። የልጆቹ እግር ለጫካው ይቀመጣል።

ቁጥሩን ተመልከቺው። ፍሎረንስ ከባህር ጠለል በላይ 50 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የፊኤዞሌ አደባባይ 295 ሜትር ላይ ነው። የሞንቴ ቼቼሪ ጫፍ 414 ሜትር ነው። እንግዲህ አውቶቡሱ ወደ 250 ሜትር የሚጠጋ ዳገት ይሸከምላችኋል። ለእናንተ የሚቀረው 120 ሜትር ብቻ ነው። ይህን ደግሞ የ4 ዓመት ልጅ እየተጫወተች ትወጣዋለች።

ርቀቱ በጠቅላላው 7 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጎልማሳ ሰው በሁለት ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል። እናንተ አምስት ሰዓት ያዙ። ምልክቶቹ ላይ የሚጻፈው የጉዞ ሰዓት ለጎልማሳ እርምጃ የተሰላ ነው፤ ዕረፍት አይቆጠርበትም። ትንሽ ልጅ ይዘሽ ከሆነ በሁለት አባዢው። ልጅ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ድንጋይ ያነሳል፣ ጉንዳን ያያል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ዱላ ይመርጣል። ይህን ጊዜ እንደ መዘግየት አትቁጠሪው፤ ከቤት ስትነሺ ጨምረሽ የያዝሽው ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ልጅ «እይታው ያምራል» ተብሎ አይራመድም። የሚፈልገው ነገር ሊኖረው ይገባል። ይህን መንገድ ከሌሎቹ የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚከተሉት አንድ ታሪክ አለው። ታሪኩ የድንጋይ ታሪክ ነው።

ጉዞው በፊት ባለው ቀን ከተማ ውስጥ ይጀመር። ሳን ሎሬንዞ ወይም ሳንቶ ስፒሪቶ ቤተ ክርስቲያን ግቡ። ሁለቱንም የነደፈው ብሩኔሌስኪ ነው፤ የካቴድራሉን ትልቅ ጉልላት የሠራው ሰው። ውስጥ ገብታችሁ ዓምዶቹን ተመልከቱ። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ናቸው። ይህ የአሸዋ ድንጋይ ፒየትራ ሴሬና ይባላል። ለልጆቹ እንዲህ በያቸው፦ «ይህ ድንጋይ ከተራራ ነው የመጣው። ነገ የተቆረጠበትን ቦታ እንፈልጋለን።» ሌላ ምንም አትጨምሪ። በማግስቱ የ8 ዓመቱ ልጅ ካንቺ ቀድሞ ይነሳል።

በማግስቱ ጠዋት ከሳን ማርኮ አደባባይ አጠገብ 7 ቁጥርን ትይዛላችሁ። ትኬት በባንክ ካርድ አውቶቡሱ ውስጥ መክፈል ይቻላል፤ ወይም ከትንባሆ ሱቅ፣ ታባኪ ከሚሉት፣ አስቀድማችሁ ግዙ። የወረቀት ትኬት ከያዛችሁ ማሽኑ ላይ ማስመታት አትርሱ። ጉዞው 20 ደቂቃ ምናምን ነው። መንገዱ ጥምዝምዝ ስለሆነ ሆዱ የሚረበሽ ልጅ ካለ ከፊት አስቀምጪው። የመጨረሻው ፌርማታ ፒያሳ ሚኖ ነው። አዎ፣ ያው የእኛ ፒያሳ ነው ቃሉ፤ አደባባይ ማለት ነው።

ፊኤዞሌ ከፍሎረንስ በፊት የነበረች ከተማ ናት። ኤትሩስካውያን የሚባሉት ሕዝቦች የቆረቆሯት ነች፣ ሮማውያን በኋላ ያዟት። ከአደባባዩ ጀርባ የሮማውያን ቴአትር ፍርስራሽ አለ። ጊዜ ካላችሁ ግቡ፤ ልጆች ደረጃዎቹን ይወዷቸዋል። እኔ ብሆን ግን በመጀመሪያው ቀን አልገባም። ጉልበቱም ትኩረቱም ለጫካው ይሁን። ውሃ ሙሉ፣ ሽንት ቤት ተጠቀሙ። ከዚህ በኋላ እስከ ሴቲኛኖ ድረስ ቡና ቤት ታገኛላችሁ ብለሽ አትተማመኚ።

አንድ ነገር ግን አደባባዩ ላይ ሳለሽ አድርጊ። ወደ ሳን ፍራንቼስኮ ገዳም በምትወጣው ጠባብ መንገድ ላይ ግማሹን ብቻ ውጡ። ዳገቷ ቀጥ ያለች ናት፤ እናትሽ አይውጡ። መሃሏ ላይ መቀመጫ ያለበት ሰገነት አለ። ከዚያ ፍሎረንስ በሙሉ ከእግርሽ በታች ትዘረጋለች፣ ያ ቀይ ጉልላትም መሃሏ ላይ ጉብ ብሎ ይታያል። እኔ እዚያ ስቆም ሁልጊዜ የማስባቸው መነኮሳት አሉ። በ1441 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም የመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እዚህች ከተማ ውስጥ ነበሩ። የአብያተ ክርስቲያናት አንድነት በተመከረበት በፍሎረንስ ጉባኤ ላይ ሊገኙ፣ በሮማው ጳጳስ በአውጀኒዮስ አራተኛ ፊት ሊቆሙ የመጡ ናቸው። ጉልላቱ ተሠርቶ ያለቀው በ1436 ነው። ያን ጊዜ ገና አዲስ ነበር። እነዚያ አባቶች ቀና ብለው አይተውታል። ይህን ለልጅሽ ንገሪው፤ ከዚህች ከተማ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንዳለ ይወቅ።

ከፒያሳ ሚኖ ወደ ቬርዲ መንገድ ትወጣላችሁ። ከቤቶቹ መሃል አልፋችሁ ጫካው ይጀምራል። ምልክቱ ዛፍና ድንጋይ ላይ የተቀባ ነጭና ቀይ መስመር ነው። ይህን የሚቀባው ካይ የሚባለው የጣሊያን ተራራ ወጪዎች ማኅበር ነው፤ ከ1863 ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው። የመንገዱን ክብደት በፊደል ይለያሉ። «ቲ» (T) ቀላል ነው፣ ለማንም ይሆናል። «ኢ» (E) መደበኛ የእግር ጉዞ ነው። «ኢኢ» (EE) ከሆነ ልምድ ላለው ሰው ብቻ ነው፣ ልጅ ይዘሽ አትግቢበት። ምልክት አስሶ የማግኘቱን ሥራ ለልጅሽ ስጪው። እሱ መሪ ይሁን። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ስትደርሱ ቆሞ ይጠብቃችሁ፤ ይህን ሕግ ከመነሳታችሁ በፊት ንገሪው።

ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው። የፈረንጅ ጥድ፣ ኦክ፣ ፓይን ይበዛበታል። ዛሬ ጫካ መስሎ ይታያል እንጂ ከመቶ ዓመት በፊት ራሰ በራ ነበር። ተራራው በሙሉ የድንጋይ ካባ፣ ማለትም ድንጋይ የሚፈለጥበት ቦታ ነበር። ለብዙ መቶ ዓመታት ፒየትራ ሴሬናው ከዚህ እየተፈለጠ ወደ ከተማ ወርዷል። ካባዎቹ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ቀስ በቀስ ተዘጉ፤ ኮረብታውም ዛፍ ተተከለበት። ልጆቹ የፈለጉትን እዚህ ያገኙታል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ግራጫ ግድግዳ፣ የመሮ ምልክት የቀረበት ድንጋይ፣ እንደ ዋሻ የተቦረቦረ ቦታ። ያንን ግራጫ ቀለም ትናንት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አይተውታል። ዛሬ ሲያዩት ይጮሃሉ። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አልሰለቸኝም።

እዚህ ላይ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ካባ ማለት ገደል ማለት ነው። አንዳንዱ ቦታ አጥር አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ከላይ ሲታይ ቁጥቋጦ ይሸፍነዋል። ስለዚህ የ4 ዓመቷን ልጅ ካባዎቹ አካባቢ እጇን አትልቀቂ። ትልቁም ከተቀባው መንገድ አይውጣ። አጥር ካለ ያጥሩን ወዲያ ማዶ ማየት የለም። ዋሻ ውስጥም አትግቡ፤ ከላይ ድንጋይ ሊወርድ ይችላል። ይህን ካከበራችሁ መንገዱ ሰላማዊ ነው።

ጫፉ ላይ ሊዮናርዶ አደባባይ የሚሏት ገላጣ ቦታ አለች። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን የሚያስታውስ ድንጋይ ቆሞባታል። ቼቼሮ በድሮ የፍሎረንስ አነጋገር ረጅም አንገት ያለው ነጭ የውሃ ወፍ፣ ስዋን ማለት ነው። ሊዮናርዶ በ1505 አካባቢ ስለ ወፎች አበራረር በጻፈው ደብተር ላይ፣ ትልቁ ወፍ ከቼቼሮ ጀርባ ላይ ተነስቶ የመጀመሪያ በረራውን እንደሚያደርግ አስፍሯል። ወፍ ያለው የሚበር መሣሪያውን ነው። ከረዳቶቹ አንዱ፣ ዞሮአስትሮ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ሰው፣ ከዚሁ ጫፍ ሞክሮ ወደቀ እየተባለ ይተረካል። ይሄኛው አፈ ታሪክ ነው። ለልጆቹ ስትነግሪያቸው ሁለቱን ለይተሽ ንገሪያቸው፤ የተጻፈውን እንደተጻፈ፣ የሚተረከውን እንደሚተረክ። ልጅ ይህን ልዩነት ይወዳል። ከዚያ የወረቀት አውሮፕላን ስጫቸው። አራት ወረቀት ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ውጪ። ሲያበቁ ወረቀቱን ለቅመው ይመልሱ።

ምሳ እዚህ ብሉ። ስለ ምግብ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ በሶ ካለሽ ይዘሽ ነይ። በማርና በውሃ የተበጠበጠ በሶ ለመንገድ የሚያክለው የለም፤ የሱቅ ጣፋጭ ለአፍታ ያነቃና መልሶ ያደክማል። ቆሎም ጥሩ ነው፤ ለትንሿ ግን ቁጭ ብላ ብቻ ስጫት። እየሮጠች ቆሎ መብላት ያንቃል። ሁለተኛ፣ በዚህ ወቅት ፍሎረንስ ውስጥ በየዳቦ ቤቱ ስኪያቻታ ኮን ሉቫ የሚሉት ዳቦ ይወጣል። ጠፍጣፋ ሊጥ ነው፤ ከላይም ከውስጥም ጥቁር ወይን ይደረግበታል፣ ስኳርና የወይራ ዘይት ይፈስበታል። በወይን ለቀማ ሰሞን ብቻ የሚገኝ ነው። አንድ ትሪ የሚያህል ግዙ፣ ያልቃል። በልማዱ ቅቤም እንቁላልም ወተትም የለውም። ስለዚህ ጾመኛ ላለበት ቤተሰብ ይሆናል። አንዳንድ ዳቦ ቤት ግን የአሳማ ሞራ ያስገባበታል፣ ስትሩቶ ይሉታል። «ሴንዛ ስትሩቶ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ያለ ሞራ ነው ወይ ማለት ነው።

ከጫፉ ወደ ምሥራቅ መውረድ ትጀምራላችሁ። ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ በማያኖ በኩል ነው። አጭር ነው፣ ወይራ መሃል ያልፋል፣ ጎዳናም ይበዛዋል። ሌላው በቪንቺሊያታ በኩል ነው፤ ጫካው ይረዝማል። ልጆቹ ጥሩ ላይ ከሆኑ ቪንቺሊያታን እመርጣለሁ። ከደከሙ ያለ ማመንታት ማያኖን ያዙ።

ቪንቺሊያታ ላይ ግንብ ያለው ቤተ መንግሥት ታያላችሁ። የመካከለኛው ዘመን ይመስላል። ፈርሶ የነበረውን ቴምፕል ሊደር የሚባል ሀብታም እንግሊዛዊ በ1855 ገዝቶ ነው እንደገና ያሠራው። ዛሬ የግል ስለሆነ ከውጪ ነው የሚታየው። ለ8 ዓመት ልጅ ግን የሚነገር ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያኖች የማረኳቸውን የእንግሊዝ ጄኔራሎች እዚህ ነበር ያሰሯቸው። ምርኮኞቹ በሚስጥር ከመሬት በታች ዋሻ ቆፈሩ። በመጋቢት 1943 እ.ኤ.አ. ስድስት ሆነው በዋሻው ወጡ። አራቱ ተያዙ፣ ሁለቱ የኒውዚላንድ መኮንኖች ስዊዘርላንድ ገቡ። ይህን ታሪክ እዚያው ቤተ መንግሥቱ ጋ አትጨርሺው። ግማሹን ንገሪውና «የቀረውን ሴቲኛኖ ስንደርስ» በይው። የመጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ሁልጊዜ ከባድ ናት። ያቺን ኪሎ ሜትር የሚያስጨርሰው ያልተጨረሰ ታሪክ ነው።

ከቪንቺሊያታ በታች የተወሰነውን መንገድ ከመኪና ጋር ትጋራላችሁ። መኪናው ብዙ አይደለም፤ ኩርባው ግን ዓይነ ስውር ነው። በአንድ ረድፍ ሂዱ። ትልቅ ሰው ከፊት ይሁን።

ሴቲኛኖ ትንሽ ሰፈር ናት። የድንጋይ ጠራቢዎች መንደር ነበረች፤ የካባዎቹ ሰዎች እዚህ ይኖሩ ነበር። ሚኬላንጄሎ በሕፃንነቱ የአንድ ድንጋይ ጠራቢ ሚስት ጡት እያጠባች እዚህ እንዳሳደገችው ይነገራል። የድንጋዩ ታሪክ እዚህ ያበቃል፦ ከካባው ወደ ጠራቢው፣ ከጠራቢው ወደ ዓምዱ። አደባባዩ ላይ ቡና ቤት አለ። እናትሽም እዚያ ይጠብቋችኋል።

ስለ እናትሽ እንነጋገር። ቁልቁለት ላይ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ጽፈሻል። ብዙ ሰው አዛውንት ይዞ ሲመጣ «ዳገቱ እንዳይከብዳቸው» ብሎ ይጨነቃል። ዳገት የሚያደክመው ልብና ሳንባን ነው። ጉልበትን የሚጎዳው ቁልቁለት ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትን ክብደት ጉልበት ላይ ያሳርፈዋል። ይህ መንገድ ደግሞ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። ስለዚህ እናትሽና እህትሽ ከእናንተ ጋር ፊኤዞሌ ይውጡ። ካቴድራሉ አደባባዩ ላይ ነው፤ ግንባታው የተጀመረው በ1028 ነው፣ ውስጡ ጸጥ ያለና ጌጥ ያልበዛበት ነው። ሻማ ያብሩ፣ አደባባዩ ላይ ፀሐይ ይሙቁ፣ ሻይ ይጠጡ። ከዚያ በ7 ቁጥር ሳን ማርኮ ድረስ ወርደው በ10 ቁጥር ሴቲኛኖ ይውጡ። ልጆቹ ከጫካው ወጥተው አያታቸውን ሲያዩ የሚሮጡትን ሩጫ ለእሳቸውም ለልጆቹም አታስቀሪባቸው።

ምናልባት እናትሽ «እኔ ልጅነቴን በእግሬ ነው ያሳለፍኩት፣ ይሄማ ምን አላት» ይሉ ይሆናል። ብዙ እናቶች ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው። እንግዲያው እስከ ሞንቴ ቼቼሪ ጫፍ ይውጡና በመጡበት ይመለሱ። ያቺ ቁልቁለት አጭር ናት፣ 120 ሜትር ብቻ። ሁለት የመራመጃ ዱላ ተከራዩላቸው ወይም ግዙላቸው። ሲወርዱ ዱላውን ከፊታቸው ይተክሉ፣ እርምጃቸውን ያሳጥሩ። ነጠላ ጫማ ወይም ለስላሳ ሶል አይሆንም፤ ፓይን ቅጠል የረገፈበት ድንጋይ ያንሸራትታል።

አሁን ማክሰኞን ላስረዳሽ። በጣሊያን የአደን ወቅት ከሴፕቴምበር አጋማሽ በኋላ ተከፍቶ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ይቆያል። ከፊኤዞሌ ማዶ ባሉት ጫካዎች ተኩስ ሊሰማ ይችላል፣ በተለይ እሑድ ጠዋት። በሕግ ግን ማክሰኞና ዓርብ በመላ አገሪቱ አደን ክልክል ነው። ዓርብ ደግሞ ለእናንተ ጾም ነው። ማክሰኞ አደንም ጾምም የለም። ጫካው ጸጥ ይላል፣ ምሳውም ይቀላል። በሌላ ቀን መውጣት ግድ ከሆነ ልጆቹን ደማቅ ቀለም አልብሺ፤ ቀይ ወይም ብርቱካናማ።

ሰዓቱንም አስቢበት። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት አውቶቡሱ ላይ ሁኑ። በኦክቶበር መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ ጫካ ውስጥ ግን ቀደም ብሎ ይጨልማል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሴቲኛኖ ከደረሳችሁ ምንም አትቸኩሉም።

ስለ ነፍሳት ጠይቀሽ ባይሆንም እነግርሻለሁ፤ የጀርመን እናት ስለሆንሽ መዥገርን ታውቂያታለሽ። እዚህም አለች። ረጅም ሱሪ፣ ካልሲው ከሱሪው በላይ። ማታ ቤት ስትገቡ ልጆቹን አጥቢያቸውና ፈትሺያቸው፤ ከጉልበት ኋላ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጆሮ ኋላ፣ ፀጉር ውስጥ። ካገኘሽ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ያዢና ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። ዘይት ወይም ቅቤ አትቀቢ፣ በእሳት አትንኪ። ቀኑን ጻፊው። በሚቀጥለው አንድ ወር ውስጥ የተነከሰው ቦታ ቀልቶ እየሰፋ ከሄደ ሐኪም ጋ ሂጂ። እፉኝት ጫካው ውስጥ ብትኖርም ከሰው ትሸሻለች፤ ልጆቹ ድንጋይ ሥር እጃቸውን አያስገቡ። የዱር አሳማም አለ። የቆፈረውን መሬት ታያላችሁ እንጂ እሱን በቀን ማየት ብርቅ ነው።

አንድ ቀን በጸደይ ብትመለሺ ግን ሌላ ጥንቃቄ አለ። ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ፓይን ዛፍ ላይ ነጭ የጥጥ ቤት የሚሠራ አባ ጨጓሬ አለ። ከዛፍ ወርዶ በረድፍ፣ አንዱ የሌላውን ጭራ ተከትሎ ይሄዳል። ልጅ ሲያየው ማንሳት ያምረዋል። ፀጉሩ ቆዳንና ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል። በኦክቶበር ይህ ስጋት የለባችሁም።

ስልክሽ ይሞላ። የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 112 ነው፤ አውሮፓ ውስጥ በሙሉ አንድ ነው። ጣሊያን ውስጥ ዌር አር ዩ የምትባል መተግበሪያ አለች፤ በእሷ ከደወልሽ ያለሽበትን ቦታ በቀጥታ ለ112 ትልካለች። ጫካ ውስጥ «የት ናችሁ?» ሲባል መልስ ስለሚጠፋ ከቤት ሳትወጪ ጫኛት። የልጅ ጋሪ ቤት ይቅር፤ ሥርና ድንጋይ ላይ አይሄድም። ትንሿ ስትደክም የምትሸከሚበት የጀርባ ማዘያ ካለሽ ጥሩ ነው። ከሌለሽ ነጠላ ይዘሽ ነይ፤ እናትሽ እንዴት እንደሚታዘል ያሳዩሻል።

ሌሎች የሚመክሩሽን አንድ መንገድ ደግሞ ልከልክልሽ። ፎርቴ ቤልቬዴሬ ከሚባለው ምሽግ ተነስቶ በሳን ሌዮናርዶ መንገድ ወደ አርቼትሪ የሚወስደው ነው። ጋሊሌዮ በ1642 እስኪሞት በቁም እስር የኖረበት ቤት እዚያ ነው። ውብ መንገድ ነው፤ ብቻዬን ስሆን እወደዋለሁ። ግን ግራና ቀኙ ከፍ ያለ ግንብ ነው፣ እግረኛ መንገድ የለውም፣ መኪናና ሞተር ሳይክል ያልፉበታል። ልጆቹም ከግንቡ በላይ ምንም አያዩም። የ4 ዓመት ልጅ ይዘሽ አትሂጂበት።

ሁለተኛ ቀን ካላችሁና እናትሽ ከልጆቹ ጋር አንድ ላይ መራመድ ከፈለጉ ፕራቶሊኖ ሂዱ። ከከተማው በስተሰሜን 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በቦሎኔዜ መንገድ ላይ ያለ ሰፊ ፓርክ ነው። አውቶቡስ ይደርሳል፣ መግቢያው ነፃ ነው። መንገዱ ሰፊና ለስላሳ ነው፣ ለጉልበት ይስማማል። የሜዲቺ ቤተሰብ በ1500ዎቹ ያሠራው ነው። እዚያ ጃምቦሎኛ የሚባል ቀራጺ የሠራው አንድ ግዙፍ ሽማግሌ ኩሬ ዳር ተቀምጧል። አፔኒኖ ይሉታል፤ የተራራው መንፈስ እንደማለት ነው። ቁመቱ ከ10 ሜትር በላይ ነው፣ ጢሙ እንደ ጭቃና በረዶ ይንጠባጠባል፣ ሆዱ ውስጥ ክፍሎች አሉት። ልጆች ከሩቅ ሲያዩት ዝም ይላሉ። ፓርኩ ዓመቱን ሙሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ አይከፈትም፤ ከመነሳታችሁ በፊት የመክፈቻ ቀኑን አረጋግጡ።

ዝናብ ከጣለ ሞንቴ ቼቼሪን ተዉት። የአሸዋ ድንጋይ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው፤ ካባው አጠገብ ደግሞ መንሸራተት አይፈለግም። በዚያ ቀን በ12 ወይም በ13 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ሳን ሚኒያቶ ውጡ። ከ1018 ጀምሮ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ከፒያሳሌ ሚኬላንጄሎ በላይ። ፊት ለፊቱ ያለው ደረጃ ብዙ ስለሆነ እናትሽ ጎን ለጎን ባለው፣ መኪና በሚወጣበት መንገድ ቀስ ብለው ይውጡ። ከሰዓት በኋላ መነኮሳቱ የሠርክ ጸሎት በዜማ ያደርሳሉ፤ ሰዓቱን በር ላይ እዩት። ትንሿን ከዳር አስቀምጫት፣ ከተረበሸች ቶሎ እንድትወጡ። እናትሽ ግን ከፊት ይቀመጡ።